ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ገና አልጀመረም
(ስለ ክበባችን መቅረጸ ድምፅ አጠቃቀም፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የቴክኒክ ክፍል)

በዚህ እትም የቴክኒክ ገጻችን የሚያወራው ስለ ክበባችን መቅረጸ ድምፅ ነው። እኛ የክበቡ ልጆች «ሪከርደር» ነው የምንለው። እዚህም ሁለቱን ስም እያቀላቀልኩ ነው የምጽፈው፤ የአማርኛ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር ስላለ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥር ክበባችን ስለ ጓሳ የድሮ አጠባበቅ፣ ማለትም ስለ ቄሮ ሥርዓት ፕሮግራም ለመሥራት አቀደ። እንደምታውቁት ጓሳ ዝም ብሎ የበቀለ ሣር አይደለም። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ተብለው፣ አባ ቄራ መርጠው፣ እየዘጉና እየከፈቱ ያቆዩት ነው። ሲዘጋ አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ማንም ሣር አያጭድበትም፣ ከብትም አያስገባበትም ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። እስቲ አስሉት፤ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው? አባ ቄራ ሲያዝ በዓይኑ ያየ ሰው በየመንደሩ በጣት የሚቆጠር ሆኗል።

ከእነሱ አንዱ የኔ አያት ናቸው። እኔና ሁለት የክበባችን ልጆች ሪከርደሩን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ መብራት በራ፣ ብልጭ ድርግም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። «ይኸው ሠራ!» ተባባልን። አያቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩልን። ልጅ ሆነው ጓሳ የተከፈተ ዕለት ከአባታቸው ጋር እንዴት እንደሄዱ ነገሩን። ኋላ ደግሞ ብድግ ብለው አባታቸው ለጥበቃ ሲወጡ የሚያሰሙትን ቀረርቶ በሙሉ አወረዱት። አያቴ ሲያቅራሩ እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ትምህርት ቤት ተመልሰን ስንከፍተው ምንም የለም። ባዶ። አንድ ፋይል እንኳ አልተፈጠረም።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? የኛ ሪከርደር ቀዩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነው የሚፈልገው። አንዴ ሲጫኑት «ተዘጋጅቻለሁ፣ ድምፁን አስተካክሉ» ማለቱ ነው፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛ ሲጫኑት መብራቱ ሳይጠፋ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ መስኮቱ ላይም ሰከንዱ መቁጠር ይጀምራል። መቅረጽ የጀመረው ያኔ ነው። ሁሉም መቅረጫ እንዲህ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚጀምሩም አሉ። ስለዚህ መብራቱን ሳይሆን ሰከንዱን እዩ። ሰከንዱ ካልቆጠረ ምንም ነገር አልተቀረጸም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ሪከርደሩ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከአናቱ እንደ ጥጃ ቀንድ ብቅ ያሉ ሁለት ማይክራፎኖች አሉት፤ ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት፣ ከሥሯ ቁልፎች አሉ። የሚዞር ካሴት የለውም። ታዲያ ድምፁን የት ያኖረዋል? ሰው ሲናገር አየር ይንቀጠቀጣል። ማይክራፎኑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን አብሮ ይንቀጠቀጥና መንቀጥቀጡ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ሪከርደሩ ያንን ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ ቁጥሩን ሚሞሪው ላይ ይጽፈዋል። ዲጂታል የተባለውም በቁጥር ስለሚሠራ ነው። የአያቴ ቀረርቶ ቢቀረጽ ኖሮ የቁጥር ክምር ይሆን ነበር ማለት ነው። ይገርማል።

ድንጋይ። የኛ ሪከርደር ሁለት ድንጋይ ይበላል፤ የግድግዳ ሰዓት የሚበላውን ትንሿን ዓይነት። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን እያያችሁ አስገቡ። ድንጋይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ተጠቅሞ የሚጣለው 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ነው። ሜኑው ውስጥ የድንጋይ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ እሱን ካላስተካከላችሁ «ብዙ ቀርቶኛል» እያለ ድንገት ይጠፋባችኋል።

የኛ አገር ሌላው ችግር ብርዱ ነው። ድንጋይ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው በኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል። ውርጭ በጣለበት ጠዋት ሪከርደሩን ከቦርሳ ስታወጡት «ድንጋይ አልቋል» ሊላችሁ ይችላል። አትጣሉት! አውጥታችሁ እጃችሁ ውስጥ ጨብጡት ወይም ብብታችሁ ሥር አድርጉት፤ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል። እኛ አሁን መለዋወጫውን ድንጋይ በውስጥ ኪስ ነው የምንይዘው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ድንጋዩን አውጥቶ ለብቻ ማስቀመጥ ነው፤ እዚያው ከቆየ ፈሳሹ ወጥቶ ዕቃውን ይበላዋል።

ብርድን ካነሳን አንድ ልጨምር። ከውጭ ቁር ወደ ሞቀ ቤት፣ እሳት ወዳለበት ስትገቡ ሪከርደሩን ወዲያው አታውጡት። መነጽር የሚያደርጉ መምህራን ቤት ሲገቡ መነጽራቸው ጭጋግ ሲለብስ አይታችኋል አይደል? ማይክራፎኑም ላይ እንዲሁ ጤዛ ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ይሙቅ። እስከዚያ ሰላምታው አለ፣ ቡናው አለ፣ ጊዜ አታጡም።

ቀንና ሰዓት። ሪከርደሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት እሱ ዘንድ 9 ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ደግሞ 15 ይለዋል። አንዱ የክበባችን ልጅ ሰዓቱን በኛ ሞልቶት ጉድ ሆነን ነበር፤ ጠዋት የተቀረጸው ሁሉ ሌሊት የተቀረጸ ይመስላል። አሁን የተስማማነው፣ ሪከርደሩን በፈረንጆቹ ሞልተን የኛን ቀን በደብተር ለመጻፍ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ ብዙ ከቆየ ቀኑ ተመልሶ ሊጠፋ ስለሚችል በከፈታችሁት ቁጥር እዩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ይሄ ነው፦ መቅረጽ እንደጀመራችሁ በድምፃችሁ «ዛሬ ቀኑ ይህ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ይህ ነው፣ ያለነው እዚህ ቦታ ነው፣ የሚናገሩት እከሌ ናቸው» በሉ። ደብተር ቢጠፋ፣ ሰዓቱ ቢሳሳት፣ ድምፁ ራሱ ይናገራል።

ሚሞሪ። የኛ ባለ 8 ጊጋ ባይት ነው። ሜኑው ውስጥ ሁለት ዓይነት አቀራረጽ አለ፤ አንዱ ዌቭ ይባላል፣ ሌላው ኤምፒስሪ። ዌቭ የለካውን ቁጥር ሁሉ ሳይቀንስ ይጽፋል፤ በደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ኤምፒስሪ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም ብሎ የሚገምተውን እየጣለ ይጽፋል፤ በተለመደው መጠን በደቂቃ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ስለዚህ 8 ጊጋው በዌቭ 12 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ በኤምፒስሪ ከ100 ሰዓት በላይ። «ታዲያ ኤምፒስሪ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። ለሰልፍ ሰዓት ዜና ይበቃል። ለሽማግሌ ግን በዌቭ ቅረጹ። አንዴ የተጣለ ነገር ኋላ አይመለስማ።

አዲስ ሚሞሪ ስትከቱ እዚያው ሪከርደሩ ላይ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ማለት ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ መጥረግ ማለት ነው! መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ መገልበጡን ሳታረጋግጡ ያችን ቁልፍ አትንኩ። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቀዩ አልቋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ድምፅ ማስተካከል። መስኮቱ ላይ ሰው ሲናገር ወጣ ወረድ የሚል መስመር አለ። መጨረሻው ላይ ዜሮ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በመቀነስ ነው የሚቆጠረው፦ 6፣ 12፣ 24 እያለ። ዜሮ ማለት ጣሪያ ነው። እንስራ ከአፉ በላይ ውኃ እንደማይዝ ሁሉ ሪከርደሩም ከዜሮ በላይ ድምፅ አይዝም። ከዜሮ ያለፈው ድምፅ ይቆረጣል፣ ስትሰሙት የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። ኮምፒውተርም አይጠግነውም። በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ኋላ ድምፁን ስትጨምሩ ሽሽሽ የሚለውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ሰውየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ መስመሩ ከዜሮ በታች 12 አካባቢ ደርሶ እንዲመለስ አድርጉት። ለሳቅና ለቀረርቶ ቦታ ተረፈ ማለት ነው።

ለመለካት «አንድ ሁለት ሦስት» አታስብሏቸው። ሰው እንዲያ ሲባል አፍሮ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ጨዋታው ሲሞቅ ግን ድምፁ እጥፍ ይሆናል። ይልቅ «ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ገብስ ላይ ያልጮኸ ገበሬ አላየሁም።

ራሱ የሚያስተካክል «አውቶ» የሚባል ነገርም አለ። እኛ አጥፍተነዋል። ሰው ዝም ሲል አውቶው «ድምፅ አነሰ» ብሎ ይጨምርና ነፋሱን፣ ዶሮውን፣ የጎረቤት ልጅ ልቅሶ ሳይቀር ያጎላዋል።

ርቀትስ? ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው የሰውየው ድምፅ በግማሽ ይቀንሳል፤ የነፋሱና የዶሮው ድምፅ ግን አይቀንስም። «ትንሽ ራቅ እናድርገው፣ ያፍራሉ» የምንለው ነገር ነው ብዙውን ሥራችንን ያበላሸው። ፊት ለፊት አፋቸው ላይ ግን አትደግኑ። ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለበለዚያ «ጴጥሮስ» ሲሉ ወይም «ፖሊስ» ሲሉ ትንፋሹ ማይክራፎኑ ላይ ቡፍ ይላል።

ሪከርደሩን በእጃችሁ አትያዙት። ጣት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሰውየው ድምፅ በላይ ይሰማል። በርጩማ ላይም ባዶውን አታስቀምጡት፤ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር ይደነግጣል። ጋቢ ወይም ባና አጥፋችሁ ከሥሩ አንጥፉለት። ሞባይል ይጥፋ፤ ቅርብ ሲሆን ሪከርደሩ ውስጥ ትርርርር የሚል ነገር ይገባል፣ ባይደወልለትም።

እንግዲህ ወደ ነፋሱ ደረስን። የጓሳን ነፋስ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ሆነን ነፋስ ባይኖር ነበር የሚገርመው። ማይክራፎን ግን ነፋስን እንደኛ አይሰማም። ለኛ ሽው የሚለው ለእሱ በቡጢ እንደመመታት ነው፤ ሲሰማ የሚወጣው ቡብብብ የሚል ብቻ ነው። ከሪከርደሩ ጋር የመጣች ጥቁር ስፖንጅ አለች፤ ቤት ውስጥ ለትንፋሽ ትጠቅማለች፤ ሜዳ ላይ ግን ምንም አትፈይድም።

መምህራችን በሌላ አገር የሚጠቀሙበትን በሥዕል አሳዩን፤ ጸጉራም ነገር ነው፣ የሞተ ድመት ይመስላል። ሳቅን። ጸጉር ከሆነማ መንዝ ምን ጎደለው አልን! አንዱ ልጅ ከአሮጌ ደበሎ ቁራጭ አመጣና አለበስነው። ነፋሱ ጠፋ፤ ግን ሰውም አብሮ ጠፋ። የሚናገረው ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ለካ ቆዳው ነው ጥፋተኛው፤ ቆዳ አየር ስለማያሳልፍ ድምፁንም ያፍነዋል። የሚፈለገው ጸጉሩ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሙከራችን እንዲህ ነበር፦ የበግ ጸጉር አጥበን አደረቅን፣ በጣታችን አፍታታነው፣ ከአሮጌ ነጠላ በቀደድነው ስስ ጨርቅ ላይ ሳናጠብቅ ሰፋነው፣ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርገን ስፖንጁ ላይ አለበስነው። ነፋሱ ጸጉሩ ውስጥ እየተበታተነ ጉልበቱ ያልቃል፤ ድምፁ ግን ያልፋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ትንሽ ያደበዝዛል። ግን ሜዳ ላይ እንኳ የሰው ቃል ይለያል። አሁን ሪከርደራችን ግልገል መስሏል፤ የ1ኛ ክፍል ልጆች ሊዳብሱት ይመጣሉ።

ሜኑው ውስጥ ደግሞ «ሎው ከት» የሚባል አለ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ይቆርጣል፤ የሰው ንግግር በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ አይጎዳም። እሱን ክፈቱት። ከዚያም ጀርባችሁን ለነፋስ ሰጥታችሁ የድንጋይ ካብ ከለላ ፈልጉ።

ካልሆነ ግን ቤት ግቡ። የትኛው ቤት? እኛ መጀመሪያ ክፍላችን ውስጥ ነበር የምንቀርጸው፤ ጸጥ ያለ ይመስለን ነበር። ቆርቆሮና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ያስመስላል፤ ዝናብ ከጣለማ ተዉት። ከሁሉ ጥሩ ሆኖ ያገኘነው የድሮውን የሣር ክዳን ቤት ነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የውጩን ነፋስ ያስቀረዋል፣ የጓሳው ሣር ደግሞ የውስጡን ድምፅ ይጠጣዋል። ስለ ጓሳ የሚያወሩ ሰው ከጓሳ ሣር ሥር ተቀምጠው ሲቀረጹ ነው ድምፃቸው የሚያምረው ማለት ነው። እሳቱ የሚንጣጣ ከሆነ ትንሽ ራቁ፤ ቡና የሚወቅጡትንም «እስክንጨርስ» ብላችሁ በትሕትና ለምኑ።

ደግሞ ኢርፎን ሳታደርጉ አትቅረጹ። የናንተ ጆሮ ቤቱ ውስጥ ያለውን ይሰማል፤ ኢርፎኑ ሪከርደሩ የሚሰማውን ያሰማችኋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግን ልብ በሉ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለም በኢርፎን ድምፅ ይሰማል! እኛን ያታለለን አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፣ አቁሙ፣ መልሳችሁ አሰሙ። ፋይሉ ተገኘ? ድምፁ ጥሩ ነው? እሺ፣ አሁን ዋናውን ጀምሩ። ሲጀመር «ሆልድ» የምትለዋን ቁልፍ ወደ ጎን ግፏት፤ ሰው በስሕተት ቢነካው እንዳይቆም። ሲያልቅ ደግሞ ማቆሚያውን ተጭናችሁ መቆሙን ሳታዩ ድንጋይ አታውጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ለምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰማ ንገሯቸው። «ይህቺን አታሰሙብኝ» ካሉ አለማሰማት ነው። ሲያልቅ ትንሽ መልሳችሁ አሰሟቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ብዙዎቹ ግን «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው ወፍሮ ነው የሚሰማው። ሪከርደሩ የሚይዘው በአየር የመጣውን፣ እኛ የምንሰማውን ብቻ ነው። እኔም የሰልፍ ዜና ሳነብ የተቀረጸውን ስሰማ ጆሮዬን ነበር የያዝኩት።

የሰው ድምፅ ብቻ ነው እንዴ የሚቀረጸው? አይደለም። አንድ ቀን ማታ ጭላዳዎቹ ወደ ገደላቸው ሲወርዱ ቀርጸን ነበር። ሳይጠጉ፣ ሳያባርሩ፣ ሪከርደሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኙት ጭላዳዎች ብዙ ዓይነት ድምፅ በማውጣት የታወቁ ናቸው። በሰሜን ተራሮች የተቀረጸ ድምፃቸው ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጽሑፍ፣ ወንዶቹ ከንፈራቸውን እያማቱ የሚያሰሙት ድምፅ ምቱ የሰው ንግግርን ምት እንደሚመስል ተገልጿል። የኛ ቅጂ ለጥናት አይሆንም፤ መሐል ላይ አንዱ ልጅ ያስነጥሳል።

ከተቀረጸ በኋላ ፋይሉን በዚያው ቀን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፤ ሌላ ፍላሽ ላይም አስቀምጡ። ሪከርደሩ የሚሰጠው ስም ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙን ለውጡት፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ ጉዳዩ። ገመዱን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አላቁት። መብራት ሊጠፋ የሚችልበት ሰዓት ከሆነም አትጀምሩ።

ሁለት ቦታ የማስቀመጥን ነገር ሳስብ መምህራችን የነገሩን ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ፣ በሰም ላይ ቀርጻ ላከች። አዲስ አበባ ደረሰ፣ ንጉሡ ደጋግመው ሰሙት፣ መድፍ ተተኮሰለት። ከተሰማ በኋላ ግን እንዲሰበር ታዞ ስለነበር ተሰበረ። ዛሬ ያንን ድምፅ ማንም መስማት አይችልም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ ከ1900 ዓ.ም. በኋላ፣ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የሳቸው ከመቶ ዓመት በኋላም በሲዲ ታትሞ ይሰማል። የንግሥቲቱ አንድ ነበረ፣ ተሰበረ። የተሰማ በብዙ ሸክላ ተባዛ፣ ቀረ።

እኛስ? ወደ አያቴ ተመልሰን ሄድን። ለመሄድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ እንዴት ብዬ ነው «አልተቀረጸም» የምላቸው? ነገርኳቸው። ሳቁ። «በሉ ተቀመጡ» አሉን። በዚህኛው ቀን ግልገሉን አልብሰን፣ ባናው ላይ አስቀምጠን፣ አንድ ደቂቃ ሞክረን፣ ሰከንዱ ሲቆጥር ሦስታችንም አይተን ጀመርን። አርባ ደቂቃ ተቀረጸ። ጥሩ ነው፤ የጓሳ አዘጋግና አከፋፈት በደንብ አለበት። ስለ ቀረርቶው ስንጠይቃቸው ግን እሳቱን እያዩ ትንሽ ዝም አሉና «ያን ለት መጥቶልኝ ነው ልጄ፤ አሁን አይመጣም» አሉኝ። እኔ ሁለት ስንኝ አስታውሳለሁ፤ አንደኛው ልጅ አንድ። ሦስቱን በደብተር ጽፈናል፤ ዜማው ግን የለም። በየሳምንቱ እሑድ ስሄድ «መጣ ወይ አባባ?» እላቸዋለሁ። ሪከርደሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ማስታወቂያ፦ በአካባቢያችሁ የቄሮን ጊዜ የሚያውቁ አባት ወይም እናት ካሉ ለክበቡ ጸሐፊ ንገሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን። ሁለት ትንሿ ድንጋይ የሚያዋጣ ተማሪም ካለ በጣም እናመሰግናለን። ያሉን አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አሁን ብብቴ ሥር ናቸው።